የልጆቹ ወንፈል

በመጀመሪያ ሰዎቹን በየስማቸው ልጥራ፤ ነገሩ ከሰዎቹ ተነጥሎ አይገባችሁም።

እኔ ደምሌ እባላለሁ። በንፋስ መውጫ ከተማ ወፍጮ ጠጋኝ ነኝ። በጋይንትም በስማዳም ወፍጮ ሲቆም የሚጠራው እኔን ነው። አስተማሪ የለኝም። ፊደል የለየሁት ከዱቄት ከረጢት ላይ ነው፤ ሞተር የተማርኩት እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው፤ እንግሊዝኛዬም ከሞተር መመሪያ የተለቀመ ስለሆነ ከዘይትና ከሞተር ቺንጊያ ብዙም አያልፍም። ይህን ድሮም በኩራት እናገር ነበር፤ ዛሬም በኩራት ነው የምናገረው።

ባለቤቴ ስንዱ ትባላለች። ልጃችን ትርንጎ በዚያን ጊዜ የአምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበረች።

ጎረቤቴ መሪጌታ ኅሩይ ናቸው። እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ገብተው ድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ የተማሩ፣ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጠው፣ መምህራቸውም ከመምህራቸው፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ የሚቆጠር ሐረግ ያላቸው ሰው ናቸው። የእኔ ሐረግ ከእኔ ይጀምራል። ልጃቸው ቃለአብ ከትርንጎ ጋር በአንድ ክፍል ሕክምና ይማር ነበር።

የመጨረሻዋ ኢቫ ናት፤ ስሎቬንያ ከሚባል አገር የመጣች የሕክምና ተማሪ። አገሯን ካርታ ላይ ፈልጌ ሳገኛት በአውራ ጣቴ ጥፍር ሸፈንኳት።

መንገዱ ሰላም በነበረበት ዓመት ነው። ትርንጎ ስልክ ደወለችና «አባዬ፣ የተማሪ ልውውጥ የሚባል ነገር አለ» አለችኝ። «የእነሱ ተማሪ ለአንድ ወር እኛ ሆስፒታል መጥቶ በሽተኛ ያያል፤ የእኛም አንድ ተማሪ ለአንድ ወር እነሱ ሆስፒታል ሄዶ ያያል።»

«ወንፈል ነው በይኛ!» አልኳት።

ሳቀች። «አዎ አባዬ፣ ወንፈል ነው።»

ከተማ ላደጋችሁ ልንገራችሁ። ወንፈል ደቦ አይደለም። ደቦ የጠራ ሰው አብልቶ አጠጥቶ ያሰናብታል፤ ከዚያ በኋላ አይጠየቅም። ወንፈል ግን ይከፈላል። አንተ በእኔ ማሳ አንድ ቀን ካጨድክ፣ እኔ ባንተ ማሳ አንድ ቀን አጭዳለሁ። ቀኑ የሚመለሰውም ጉልበቱን ላወጣው ቤት ነው። እኔና መሪጌታ ማሳችን ድንበር ለድንበር ስለሆነ ልጆቹ ሳይወለዱ ጀምሮ ወንፈል እንገባባ ነበር።

ቀጥዬ «መቼ ትሄጃለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ቦታው አንድ ነው። ለቦታው የቀረነው እኔና ቃለአብ ነን። ተነጋግራችሁ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ሰኞ አንድ ስም አምጡ ብለውናል። እንስማማለን፣ አያስቡ።»

ያ «እንስማማለን» ያለችው ቃል አሳሰበኝ። ልጄን አውቃታለሁ። ሕፃን ሆና እንኳ የተጋገረውን ቆርሳ ትልቁን ለሌላ የምትሰጥ ነበረች። ለመሪጌታ ልጅ ትለቅለታለች ብዬ ፈራሁ። እኔ ከወፍጮ ሥር ግራሶ እየጠረግሁ ያሳደግኋት ልጅ፣ ሐረግ ላለው ሰው ልጅ! ኢቫን ለጥቂት ቀን ወደ እኛ ቤት እንደምታመጣት ስትነግረኝ ግን ደስ አለኝ። እንግዳዋ የእኔን እህል ከበላች፣ እኔ ቤት ካደረች፣ ቀኗን የምትመልሰው ለእኔ ቤት ነው። የወንፈል ሕግ እንደዚያ ነው ብዬ በልቤ ፈረድኩ።

ጥቅምት ሊወጣ ሲል፣ እሮብ ማታ ደረሱ። እሮብ በመሆኑ ያዘጋጀሁት በግ አንድ ሌሊት አተረፈ። ባጃጁ በር ላይ ሲቆም ትርንጎ ወረደች፣ ቀጥላ አንዲት ቀጭን፣ ፊቷ በፀሐይ የቀላ ልጅ ወረደች፣ ከዚያ ሻንጣ ተሸክሞ ቃለአብ ወረደ። ሻንጣው የእንግዳዋ ነበር። «ሻንጣዋን እሱ ለምን ይይዛል?» አልኩ በልቤ። ሄጄ ከእጁ ተቀበልኩት።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» አለኝ እጅ ነሥቶ።

«ቤትህ ይጠብቁሃል፣ ሂድ» አልኩት።

ሳይሄድ አባቱ መጡ። ነጭ ሻሽ ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው። እንግዳዋን አይተው «ስሟ ማን ነው?» አሉ።

ትርንጎ «ኢቫ ነው፣ የኔታ» አለቻቸው።

«ኢቫ? ሔዋን ናታ!» አሉና ሳቁ። «የሁላችንም እናት ንፋስ መውጫ ድረስ መጣችልን! ንገሪያት፣ ስሟ በእኛ መጽሐፍ ሔዋን ነው በያት፤ የሕያዋን እናት ማለት ነው በያት።»

ቃለአብ ተረጎመላት። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በደስታ ብድግ አለች። «ሄ-ዋን» አለች። «ሔዋን» ብለው አረሟት። «ሔዋን!» አለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መንደሩ በሙሉ ሔዋን ሲላት ሰነበተ፤ ኢቫ ያልኳት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ስንት ቀን ቤት ሳስለስን፣ አልጋ ሳስጠግን ሰንብቼ፣ እርሳቸው በር ላይ ቆመው በአንድ ቃል ወሰዷት።

መሪጌታ ሊሄዱ ዞር ካሉ በኋላ ተመለሱ። «አያ ደምሌ፣ ነገ ገብሴን አጭዳለሁ። ያንተ ቀን ናት።»

እርሳቸው የእኔ ማሳ ላይ ጎንበስ ብለው ከዋሉ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም ነበር።

«እንግዳ አለብኝ መሪጌታ። ሰው እልክልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ሰው?»

«ቅጥር።»

ለወንፈል ቅጥር መላክ ለታመመ ሰው ነው፣ ወይም ሐዘን ለደረሰበት። ጤነኛ ሰው እንዲህ ሲያደርግ «ጉልበትህ በገንዘብ ይገዛል» ማለት ነው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩና «ደግ፣ እንግዳህን ጠብቅ» ብለው ሄዱ።

ማታ ሽሮ ቀርቦ ስንበላ፣ እኔ በራሴ እንግሊዝኛ እንግዳዬን ማጫወት ፈለግሁ። የሞተር መመሪያ ላይ «ኢንፑት» እና «አውትፑት» የሚሉ ቃላት አሉ፤ የሚገባውና የሚወጣው ማለት ነው። ወደ እሷ ጠቁሜ «ኢቫ ኢንፑት» አልኳት። ወደ ትርንጎ ጠቁሜ «ትርንጎ አውትፑት» አልኩ።

ልጅቷ ገባት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ስንዱ ምንም ሳይገባት አብራ ሳቀች። ትርንጎ ግን አልሳቀችም። ሰላማዊ በሆነ፣ ለስላሳ በሆነ እንግሊዝኛ የሆነ ነገር ነገረቻት፤ እኔ ከነገሩ አንዲት ቃል አልያዝኩም። እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ሰዓት የቀናሁት በራሴ ልጅ ነው። እኔ ቃል በቃል ስለቅም የኖርኩትን ቋንቋ እሷ እንደ ውኃ ትጠጣዋለች። ያስተማርኳት እኔ ነኝ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ አስተማሪ ስላላት ቀናሁባት።

በማግስቱ ማለዳ በጉን ባረኩ። ገፍፌ ጨርሼ እጄን እየታጠብኩ «እንግዳዋን ቀስቅሷት፣ ጥብሱ ይድረስላት» አልኩ።

ስንዱ ጉበቱን እየከተፈች «ከተነሣች ቆየች» አለች። «ትርንጎ ስለ ወንፈል ነግራት ኖሮ፣ ማጨድ ማየት አለብኝ ብላ አብረው ወደ መሪጌታ ማሳ ወረዱ።»

«ማን ፈቀደ?»

«እግር አላት፣ ሄደች። ምን ልበላት? አንተ የማትሄድበትን ማሳ እሷ ብትሄድበት ምን አለበት?»

እጄን ሳላደርቅ ወጣሁ።

ማሳው ከከተማው ወጣ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ከሩቅ ሳቅ ይሰማኛል። ስደርስ አጫጆቹ ተሰልፈው ያጭዳሉ፤ የላክሁት ቅጥርም ከመካከላቸው አለ። ኢቫ ሻሽ አስረዋት፣ ከቃለአብ ጋር ነዶ ታስራለች። ነዶው ይፈታባታል፣ እሱ ያሳያታል፣ እንደገና ታስራለች። ትርንጎ ከኋላቸው ቃርሚያ ትለቅማለች። ልጄ በመሪጌታ ማሳ፣ ለመሪጌታ ልጅ ቃርሚያ ለቃሚ!

ወዲያው አንዱ አጫጅ፣ ወርቁ የሚባል ቀልደኛ ሰው፣ ማጭዱን አስቀምጦ ወደ ኢቫ ቀረበ። «ዶክተር ሔዋን፣ ልቤን ያመኛል» አላት።

ትርንጎ ተረጎመች። ኢቫ ደንግጣ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አደረገች። ወርቁ እጇን ይዞ ወደ ታች፣ እንብርቱ አጠገብ ድረስ ወሰደው። «እዚህ ጋ ነው እንጂ!»

ማሳው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ቃለአብ ከትርንጎ ቀድሞ አስረዳት፤ በእኛ አገር ልብ የሚባለው እስከ ጨጓራ ይወርዳል፣ በሽተኛ ልቤን ሲልሽ የት እንደሆነ በጣቱ አስጠቁሚው አላት። ይህን ትርንጎ ራሷ በኋላ ነገረችኝ። በዚያ ሰዓት ያየሁት ግን ቃለአብ ሲያስረዳ፣ እንግዳዋ ራሷን ስትነቀንቅ፣ ልጄ ቆማ ስታይ ነው። ቦታውን ወሰደው አልኩ። አለቀ፣ ወሰደው።

«አያ ደምሌ!» አለ ወርቁ። «ማጭድህስ? በምላስህ ልታጭድ ነው?»

ማሳው መሐል ገብቼ ቆምኩ።

«ይህች እንግዳ የእኔ ናት። ያደረችው እኔ ቤት ነው፣ የበላችው የእኔን እህል ነው። ወንፈሏን ለማን እንደምትመልስ በዚህ ሰው ፊት ትናገር። ትርንጎ፣ ተርጉሚላት።»

ትርንጎ ቃርሚያውን ይዛ ቀና አለች። «አልተረጉምም።»

«ተርጉሚ አልኩሽ!»

«አባዬ፣ ይተዉኝ። ቤት እንነጋገራለን።»

መሪጌታ ማጭዳቸውን በእጃቸው ይዘው «አያ ደምሌ፣ ልጅን በሰው ፊት አያስገድዱትም፤ ና ተቀመጥ፣ ጠላ ቅመስ» አሉ። የእሳቸው ለስላሳ አነጋገር ይበልጥ አቃጠለኝ። ሁልጊዜ ትክክል ናቸው፤ ትክክለኛነታቸውን ደግሞ ከመምህር ተቀብለውታል።

እንግዲያው እኔው እናገራለሁ ብዬ ወደ ኢቫ ዞርኩ። ወንፈል ይከፈላል እንላለን። ክፈል ለሚለው ቃል ደረሰኝ ላይ የማውቀው እንግሊዝኛ «ፔይ» ነው። ወደ ቤቴ ጠቆምኩ፣ ወደ አፌ ጠቆምኩ፣ «ዩ ኢት ማይ ሀውስ» አልኩ። ወደ ትርንጎ ጠቆምኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዩ ፔይ!» አልኳት።

ልጅቷ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ነዶውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ወገቧ ላይ ያሰረችውን ትንሽ ቦርሳ ከፈተች። ብር አወጣች። በሁለት እጇ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ወደ እኔ ዘረጋችና በጣም ቀስ ብላ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

አጫጆቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። ያበላውን እንግዳ ያስከፈለ የጋይንት ሰው ታሪኩ አልተሰማም። ገንዘቡን አላየሁትም፤ ያየሁት የተዘረጉ እጆቿን ነው፤ ገለባ ቧጥጧቸዋል።

መጀመሪያ የተናገረው ወርቁ ነው። «ለካ አያ ደምሌ ወፍጮ ሲያጣ እንግዳ ይፈጫል!» አለ። ማንም አልሳቀም።

ትርንጎ ሮጣ ሄዳ የኢቫን እጅ አጠፈች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ልጄ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገረኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔና ቃለአብ ተስማምተን ነበር። ዘንድሮ እሱ ይሄዳል፣ የእሱን የሆስፒታል ተረኝነት እኔ እሸፍናለሁ። ከርሞ እኔ እሄዳለሁ፣ የእኔን እሱ ይሸፍናል። ለእኔ የሚሻለኝ የከርሞው ነው፤ ያኔ እዚያ ሆስፒታል በማዋለጃ ክፍል መሥራት ይፈቀድልኛል። ወንፈል ገብተናል አባዬ! ሰኞ ስሙን ልናስገባ ነበር።»

ለእኔ ቀድማ ያልነገረችኝ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ገብቶኝ ነበር።

መሪጌታ መጡና ልጃቸው አጠገብ ቆሙ። «ቃለአብ፣ ስምህን አውጣ» አሉት።

«አባቴ…»

«ጎረቤት ያፋጀ መንገድ ይቅርብህ። ሰው እያስለቀስክ አልልክህም።»

ትርንጎም «እሱ ካልሄደ የእሱን ቀን እኔ አልበላም» አለች። ቀጥላ ለኢቫ ረጅም ነገር አስረዳቻት። ኢቫ ወደ እኔ መጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ! እኔን!

በጉን ማንም አልበላውም ብል ውሸት ይሆናል፤ ጎረቤት በላው። እንግዳዋ ከእኛ ጋር ቀርባ ጥቂት ቀመሰች፤ በየጉርሻው መካከል የስንዱን ዓይን ታያለች፣ መብላት ይፈቀድልኝ ይሆን እንደማለት።

ዓርብ ጠዋት ሚኒባሱ ሲጠበቅ ትርንጎ ወደ ጎን ወሰደችኝ።

«አባዬ፣ ቃለአብ ያለ አባቱ ቃል አይሄድም። መሪጌታ ደግሞ ከእርስዎ አፍ ካልሰሙ አይመለሱም። ሄደው ‹ልጅዎ ይሂድ› ይበሏቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ስሙ ሰኞ ጠዋት ነው የሚገባው።»

«እሺ» አልኳት።

«ይሉልኛል?»

«እሺ አልኩ እኮ።»

ሚኒባሱ ሄደ። ዓርብ ከሰዓት ወፍጮ ተበላሸ ተብዬ ተጠራሁና ያን ምክንያት አደረግሁ። ቅዳሜ ደግሞ ሰንበት ነው፣ ሰው በሰንበት አይጨነቅም ብዬ ተቀመጥኩ። ስንዱ «ሄድክ?» ስትል «እሄዳለሁ» እላለሁ። እውነተኛውን ምክንያት ለእሷም አልነገርኳትም። እንዲህ ነበር የማስበው፦ ቃለአብ ከወጣ ቦታው ባዶ ነው። ትርንጎ ትቆጣለች፣ ሰኞ ሲደርስ ግን ቦታው ባዶውን ከሚቀር ብላ ስሟን ታስገባለች። ዝም ካልኩ ልጄ ትሄዳለች።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ መሪጌታ ከፊቴ ነበሩ። አይተውኛል። ርምጃቸውን ቀነሱ። እኒያ ሰው ለማንም ርምጃ የሚቀንሱ አይደሉም፤ ለእኔ ቀነሱ። የአጥሩ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙና መቋሚያቸውን ተደገፉ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ያን ጊዜ ሁለት የድጓ ተማሪዎቻቸው ደርሰው ጉልበታቸውን ሳሙ፤ መሪጌታም ራሳቸውን ዳሰሱላቸው። የእኔን ጉልበት የሳመ ተማሪ የለም፤ እኔም የማንንም መምህር ጉልበት ስሜ አላውቅም። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ «እንደምን ዋሉ» ብዬ አለፍኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ስልክ መታሁ። «ስም ገባ?» አልኩ።

«አልገባም» አለች ትርንጎ።

«አንቺስ?»

«እኔ አልገባም አልኩዎት እኮ፣ አባዬ። ሐሙስ ዕለት ነው የነገርኩዎት።»

ከጀርባዋ የሆስፒታሉ ጫጫታ ይሰማል፤ አንድ ሰው ስሟን ጠራ። «ልሂድ፣ በሽተኛ አለ» ብላ ዘጋች። ቦታውን ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰጡት። ያልተጠቀመ ትምህርት ቤት በተከታዩ ዓመት ቦታ አያገኝም የሚል ደንብ ነበራቸውና የከርሞውም አብሮ ሄደ።

ይህን የምታነቡ አባቶች፣ በተለይ እንደ እኔ በራሳችሁ ጥረት ለወግ የበቃችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቅናት ወደ ሰው ቤት ሲገባ ስሙን ለውጦ ነው። እኔ ቤት የገባው «ሕግ» ተብሎ ነው፣ «የልጅ መብት» ተብሎ ነው። አስተማሪ ያለው ሰው ሲሳሳት የሚያርመው አለ። እኔን ማንም አርሞኝ ስለማያውቅ፣ የራሴን ድምፅ ስሰማ እውነት የሰማሁ ይመስለኝ ነበር። ስለ ልጆቻችሁ ስትቀኑ ደግሞ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው፤ ምናልባት እናንተ ልትነጥቁላቸው የምትሮጡለትን ነገር እነሱ ተካፍለው ጨርሰውት ይሆናል። ከቅናት ድኛለሁ አልላችሁም። ዛሬም ተማሪዎች የመሪጌታን ጉልበት ሲስሙ ሳይ ዓይኔን አዞራለሁ። ልዩነቱ፣ አሁን ስሙን አውቀዋለሁ፤ ሕግ ብዬ አልጠራውም።

እንግዲህ የሆነው ነገር ማንን ምን እንዳስከፈለ ልንገራችሁና ልጨርስ። ቃለአብን ሊያይ የተመኘውን ሆስፒታል አስከፍሎታል፤ አሁን ሐኪም ሆኗል፣ ሲያገኘኝ ጋሼ ብሎ እጅ ይነሣኛል፤ እኔ ግን ቀና ብዬ አላየውም። ኢቫን፣ በእኛ አገር የበላችውን እንጀራ ሁሉ እንድትጠራጠር አድርጓታል። መሪጌታን ጎረቤት አስከፍሏቸዋል፤ በተከታዩ አጨዳ ማጭዴን ይዤ ደጃቸው ስቆም በትሕትና «ቅጥር አግኝቻለሁ» አሉኝ። ስንዱ፣ በር ለበር ቡና የምትጠራራበትን ቤት አጣች፤ አንድም ቀን ግን አልወቀሰችኝም። ትርንጎን የሚበልጠውን፣ የከርሞውን አስከፈላት።

እኔን ያስከፈለኝ ይህ ነው፦ ልጄ በየሳምንቱ ትደውላለች፣ ጤንነቴን ትጠይቃለች፣ መድኃኒት ትልካለች፣ አንድም ቀን አላቃለለችኝም። የት ሆስፒታል እንደተመደበች የነገረችኝ ግን ሥራ ከጀመረች በኋላ ነው። ማንን ልታገባ እንደሆነ የነገረችኝ ሽማግሌ ከተመረጠ በኋላ ነው። አሁን ልጄ ነገሯን የምትነግረኝ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው።